ጃክ ራስል የጠጣበት ሳህን

ያ ውሻ አላድግ አለ።

ኩዎት ያመጣው ቀን ሁላችንም ቡችላ ነው ያልነው። ቁመቱ ከጉልበቴ አይደርስም። ነጭ ነው፤ አንድ ዓይኑና አንድ ጆሮው ላይ ብቻ ቡናማ ቀለም የተደፋበት ይመስላል፤ ጅራቱ ተቆርጦ አውራ ጣት የምታህል ቀርታለች። ጁባ፣ ጉዴሌ ሰፈር ያለውን ምግብ ቤታችንን ሌባ አስቸግሮት ስለነበር እናቴ የፈለገችው ሰው ገና ከሩቅ አይቶት የሚመለስ ውሻ ነበር።

«ያድጋል፣» አለች።

ደንበኛውም እያየ «ያድጋል» ይላል። ትራፊ ሥጋ በላ፣ አጥንት ጋጠ፣ መረቅ ጠጣ፤ ያው ነው። እኔ በየእሑዱ ከጓዳው በር ጋር አስጠግቼ በከሰል እለካዋለሁ። ምልክቱ ሁሉ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደራረበ አንድ ወፍራም ጥቁር መስመር ብቻ ሆነ። ምግቡ ያነሰው መስሎኝ ከራሴ ድርሻ እየቀነስኩ መስጠት ጀመርኩ። እኔ ከሳሁ እንጂ እሱ አላደገም።

አዲሱ ሚሊኒየም ሊገባ ነው እየተባለ የጁባ ሐበሻ ሁሉ የሚያወራበት ክረምት ነበር። እኔ፣ ዝማሬ፣ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ነኝና ነገር ማሳመር አልችልም፤ ያየሁትን እንዳየሁት፣ ያልገባኝንም እንዳልገባኝ አድርጌ ነው የምጽፈው።

ኩዎት የውሃ ቦቴ ሹፌር ነው፤ ከወንዙ ቀድቶ ለምግብ ቤቶች ያድላል። ልጅነቱን ጋምቤላ፣ ኢታንግ ስደተኛ ጣቢያ ስላሳለፈ አማርኛው እንደኛው ነው፤ ወደ ራሱ ቋንቋ የሚዞረው ቦቴው ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር ብቻ ነው። ውሻው የአንድ ፈንጂ የሚያመክን ከዋጃ ነበር፤ ከዋጃ የሚሉት ፈረንጁን ነው፤ ሰውየው አገሩ ሲገባ ለኩዎት ትቶለት ሄደ።

«ማን ይባላል?» አለች እናቴ።

«ጃክ ራስል ነው የሚለው።»

«ጃክ የራሱ፣ ራስል የአባቱ መሆኑ ነዋ። አይ ከዋጃ! ለውሻም የአባት ስም?»

«ምን አለበት እትዬ በዛብሽ፣» አለ ኩዎት፤ «እኛ ሰፈር የአባቱን ስም የማያውቅ ሰው ሞልቷል።»

ጃክ ራስል የዘሩ ስም መሆኑን የሰማሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። አይጥና ቀበሮ ከጉድጓዱ ድረስ ገብቶ እንዲያወጣ የተዳቀለ፣ ከዚያ የማያልፍ ዓይነት ነው አሉ። ያኔ ማን ይንገረን። የአባቱ ስም ካለማ አባቱ ትልቅ ውሻ ሳይሆን አይቀርም ብለን ስንጠብቅ ከረምን።

አይጥ ላይ ግን የሚያክለው የለም። ጉድጓድ ካገኘ አራት እግሩን ተክሎ ይንቀጠቀጣል፤ ብርድ የያዘው ትለዋለህ። አይጧ አፍንጫዋን ያወጣች እንደሆነ ግን ያዝ፣ አንዴ ነቅነቅ፣ አለቀ። የሰፈሩ ልጆች «ኬሊብ ታ ከዋጃ!»፣ የፈረንጅ ውሻ፣ እያሉ ይከተሉናል፤ እሱ እንደ ኳስ እየነጠረ ደረታቸው ላይ ይደርሳል።

እናቴ በውሻ ነገር ቀልድ አታውቅም። ከአገሯ ይዛ የመጣችው ቀይ አበባ ያለበት ጎድጓዳ የብረት ሳህን ነበራት፤ ከእሱ በቀር በሌላ ዕቃ አትበላም። አንድ ቀን ጃክ ራስል ጠረጴዛ ላይ ዘሎ ወጥቶ ላሰው። ሳህኑን በሁለት ጣቷ አንስታ ወደ ደጅ ወረወረችው።

«እጠብልሻለሁ እማዬ፣ በአመድ እፈገፍገዋለሁ፣» አልኳት።

«ተይው። ውሻ የላሰው ዕቃ ከእንግዲህ የኔን ከንፈር አይነካም። ብሞትም!»

ሳህኑ የጃክ ራስል ሆነ።

ጋሼ ሥዩምን በጣም ነበር የምወደው። ቤቱን ያከራየን፣ የምግብ ቤቱን ፈቃድ በስሙ ያወጣልን፣ ቢራውን የሚያስመጣልን እሱ ነው። ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ እየመጣ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ነጭ መሐረቡን አውጥቶ መጀመሪያ ወንበሩን፣ ከዚያ አንገቱን ይጠርጋል። ለእኔ ከረሜላ አያጣም። አንዴ የጆሮ ጌጥ፣ አንዴ ተረከዝ ያለው ጫማ አመጣልኝ። ጫማው ሰፍቶኝ በጭቃው ውስጥ ስንከላወስ እናቴ ከእግሬ አውልቃ ወሰደችው፤ ሁለተኛ አላየሁትም።

«ካምፓላ ቤት አለኝ፣» ይለኛል። «ትምህርት ቤቱ ከአጥሩ ማዶ ነው። ቀይ ሹራብ ነው የሚለብሱት። ትወጃለሽ ቀይ ሹራብ?»

እኔ የቤታችንን ነገር ሁሉ እነግረዋለሁ። ማን እንደመጣ፣ እናቴ ምን እንዳለች፣ የት እንደሄደች። ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል፤ ሌላ የሚጠይቀኝ ሰው የለም።

አንድ ቀን ጓዳ ሆኜ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ገና ልጅ ናት አቶ ሥዩም።»

«ልጅነቷን ማን ወሰደባት? ትማራለች አልኩሽ እኮ።»

«ትንሽ ቢቆይ።»

«እስከ መቼ? እኔም እኮ ዕድሜዬ እየሄደ ነው በዛብሽ።»

ምን እንደሚያከራክራቸው ሊገባኝ አልቻለም። ሰውየው አስተምራታለሁ አለ፤ እናቴ ትቆይ ትላለች። የሱ ዕድሜ ከኔ ትምህርት ጋር ምን አገናኘው? እናቴ ሳህን የምታጥብላት እንዳታጣ ነው ብዬ ጨረስኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አኮረፍኳት። ማኩረፍ ደግሞ እችልበታለሁ።

በማግስቱ አዲስ ሥራ ሰጠችኝ።

«ጃክ ራስልን ይዘሽ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ፣ የኔነሽ ሱቅ ሂጂ። አይጥ ፈጀኝ ብላለች። ከሰዓት በኋላ ሄደሽ፣ ኩዎት ሲያልፍ በቦቴው ይመልስሻል።»

ሄድኩ። በየቀኑ ሄድኩ። እትዬ የኔነሽ የምትሸጠው የፕላስቲክ ሳፋ፣ ባልዲና ነጠላ ጫማ ነው። ጃክ ራስል የመጀመሪያውን ቀን ሱቁን ከዳር እስከ ዳር አሸተተ፤ ሳፋዎቹን አንኳኳ፤ ከዚያ ተኝቶ ያዛጋል። ሁለተኛውም ቀን ያው። እኔ ሳፋ እያነሳሁ ሥሩን አያለሁ፤ የአይጥ ኩስ እንኳ የለም።

«እትዬ፣ አይጡ የታለ?»

«ይመጣል።»

«አይጥ ፕላስቲክ ይበላል እንዴ?»

«ኧረ ልጄ፣ የጁባ አይጥ የማይበላው ምን አለ? ቁጭ በይ፣ ሻይ ጠጪ።»

«ዱቄት ያለው እኛ ጓዳ ነው። አይጡም እዚያ ነው። ውሻውን እዚህ ምን አመጣው?»

የኔነሽ ጎረቤቷን ቲማቲም ሻጯን አየት አድርጋ ሳቀች። «ይቺ ልጅ ጥያቄዋ አያልቅም! ሥራ የማይሠራ ውሻ ከሆነ ለኩዎት ይመለስለት በያታ።»

እሷ መቀለዷ ነበር። እኔ ግን ቀጥ ብዬ ያዝኩት። ጃክ ራስል አላደገም፤ ሌባ አያስፈራም፤ አሁን ደግሞ አይጥ አልያዘም። ይመልሱታል። እናቴ ለዚህ ብላ ነው አይጥ የሌለበት ቦታ የምትልከው፤ እሱን ልታስወቅስና ልትጥለው ነው። ዛሬ ሳስበው በዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ ትክክል ያገኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሱቁ ውስጥ አይጥ አልነበረም። እናቴና የኔነሽ ተመካክረው የፈለጉት ሥዩም የሚመጣበት ሰዓት ላይ እኔ ቤት እንዳልገኝ ነው።

ፍልሰታ ገባ። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አትቀምስም። በጾሙ መጀመሪያ ሰሞን አንድ ቀን የኔነሽ ደንበኛ ስታስተናግድ ገመዱን ያዝኩና ሹልክ አልኩ። ጃክ ራስል የኛ ጓዳ ውስጥ አይጥ ይይዛል፤ እናቴም ታያለች፤ ነገሩ ያበቃል። ከኮንዮ ኮንዮ ጉዴሌ በእግር ሩቅ ነው። ዝናብ ጥሎ መንገዱ ቀልጧል። ስንደርስ ሁለታችንም አንድ ዓይነት ቀለም ሆነናል።

የጋሼ ሥዩም ፒክአፕ ደጃችን ቆሟል። ውስጡ ተቀምጦ መሐረቡን ያጣጥፋል።

«ጋሼ! ለምን አይገቡም?»

«ዛሬ አይፈቀድልኝም፣» አለና ሳቀ። «ግቢ አንቺ፤ አንቺን ያልከለከለ ቤት።»

ገባሁ። ምግብ ቤቱ ባዶ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ አቶ ጌታቸውና ሌላ የማላውቃቸው ሽማግሌ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«በፍልሰታ?» ትላለች።

«ቃል ለመስማት ብቻ ነው ወይዘሮ በዛብሽ፣» አሉ አቶ ጌታቸው። «ድግሱ ከጾሙ በኋላ ይደርሳል። ልጃችን ሠርቶ አዳሪ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑንም ያገዘ ነው።»

የትኛው ልጃቸው ነው ብዬ ዙሪያውን አየሁ። ልጅ የሚባል እኔ ብቻ ነኝ።

እናቴ አየችኝ። ፊቷ አመድ ሆነ። «ማን ነው ነይ ያለሽ?» ልትል አፏን ስትከፍት ጃክ ራስል ገመዱን ከእጄ መንጭቆ ሄደ። አንዲት አይጥ ከጓዳው ዱቄት ጆንያ ሥር ወጥታ በአቶ ጌታቸው ነጠላ ውስጥ ገባች። እሱም ገባ። እሳቸው ከነወንበራቸው ወደ ኋላ ወደቁ፤ ሌላው ሽማግሌ ጠረጴዛ ላይ ወጡ፤ ጠርሙስ ተሰበረ። እኔ ነጠላው ውስጥ እጄን ሰድጄ ጃክ ራስልን ልጎትት ስል ዞር አለና ጥርሱ የእጄ አንጓ ላይ አረፈ። አይጧን የያዘ መስሎት ነው። ደሜ በክርኔ ወረደ።

ጋሼ ሥዩም ጫጫታውን ሰምቶ በሩ ላይ ደርሷል።

እናቴ እጄን አየች። ሽማግሌዎቹን አየች። በሩን አየች። ከዚያ ጠፍቶባት የቆየ ነገር ድንገት እንዳገኘች ሰው ሆነች።

«አብዷል!» ብላ ጮኸች። «ወገኖቼ፣ ውሻው አብዷል! ሰሞኑን ውሃ አልቀምስ ብሎ ነበር፣ ጠርጥሬዋለሁ!»

«ኧረ እማዬ፣ ጠዋት እኮ ጠጥ—»

በጥፊ አለችኝ። ነጠላዋን ቀድዳ እጄን ጠቀለለችው፤ ጥፊውና መጠቅለሉ አንድ ላይ ነው የደረሱኝ።

«ወንዝ እንዳታሻግሯት!» አሉ አቶ ጌታቸው ከወለሉ ላይ። «ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው ወንዝ የተሻገረ እንደሆነ ያኔውኑ ይነሳበታል። እንደ ውሻው ይጮሃል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«አውቃለሁ አባቴ፣» አለች እናቴ።

«ካምፓላ ሐኪም አለኝ፤ እኔ ራሴ—» አለ ጋሼ ሥዩም፤ መሐረቡን አፉ ላይ አድርጓል።

«አይቅረቡ አቶ ሥዩም! ለሀጩ ይጋባል። ላቧም ይጋባል ይላሉ። አገሯ ገብታ ጸበል ትጠመቅ።»

ወደ ኋላ አለ። እጄን ልሰጠው ነበር የፈለግሁት። ጫማው እንዳይነካኝ ሲያሸሽ አየሁና ግራ ገባኝ።

«ሲሻላትስ?» አሉ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሽማግሌ።

«ሲሻላትማ የልጃችሁ ናት፣» አለች እናቴ። «ቃሌ ነው።»

ኩዎት ውሃ ሊያወርድ ሲመጣ ጃክ ራስልን በጆንያ ከተተችና ሰጠችው። «ውሰድና ጨርሰው።» ኩዎት እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ጆንያውን አየ። «ማሌሽ፣ አይዞሽ ዝማሬ፣» አለኝ። አለቀስኩ። ደግሞ ማልቀሱ የበሽታው መጀመሪያ ይሆን ብዬ ፈርቼ ተውኩት።

ጠዋት እናቴ ልብሴን በፌስታል ይዛ ኩዎት ቦቴ ላይ አወጣችኝ። የኔነሽ ዕቃ ልታመጣ ካምፓላ ትሄዳለች፤ ከዚያ በሞያሌ አድርጋ ዲላ አክስቴ ጋ ታደርሰኛለች ተባለ። የጭነት መኪናው ያለው ጉምቦ ነው። የጋሼ ሥዩም ፒክአፕ ከኋላችን ይከተላል፤ መስኮቱ ተዘግቷል።

ጉምቦ ምን እንደሆነ የገባኝ ድልድዩን ሳይ ነው። ጉምቦ ከወንዙ ማዶ ነው።

ድልድዩ ላይ በተራ ስለሚታለፍ መኪናው ሁሉ ተሰልፏል። በሩን ከፍቼ ወረድኩና ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።

«አልሻገርም።»

«ተነሺ።»

«ታብዳለች ተብሏል! አንቺም አውቃለሁ ብለሻል! ሰምቻለሁ!»

«ተነሺ አልኩሽ አንቺ ችኮ!»

«አልነሳም! ልትገዪኝ ነው!»

ከኋላ የፒክአፑ በር ሲከፈት ሰማሁ። ጋሼ ሥዩም ራቅ ብሎ ቆመ። «በዛብሽ! ልጅቷ ከፈራች ትመለስ እንጂ! መድኃኒቱን እዚሁ አስመጣለሁ፤ እኔ ቤት ትቀመጥ!»

ቀና አልኩ። እንዲህ ነው ሰው ማለት! ልሮጥ ተነሳሁ። እናቴ ከወገቤ ይዛ እንደ ጆንያ ቦቴው ውስጥ ወረወረችኝና ከኋላዬ ገብታ በሩን ዘጋች። ታገልኳት፣ ቧጠጥኳት። ኩዎት ከመቀመጫው ሥር አንድ ጆንያ ጎተተ። ጆንያው ይንቀሳቀሳል። ሲፈታው አንድ ቡናማ ጆሮ ወጣ።

ጃክ ራስል ነው። አልሞተም። ሊልሰኝ ሲመጣ ወደ በሩ ተለጠፍኩ፤ ያበደው ውሻ እኛው መሐል ነው፤ ወንዙም ፊታችን ነው።

ኩዎት ከመቀመጫው ጀርባ ባለ አበባውን ሳህን አወጣ። እናቴ ከጀሪካኑ ውሃ ቀዳችበት፤ ግማሹ ፈሰሰ። ውሻው ፊት አስቀመጠችው። ሌሊቱን ጆንያ ውስጥ ስለነበር አፍንጫው ድረስ ገብቶ ላፈው፤ ድምፁ ቦቴውን ሞላው። ግማሽ ሲያደርሰው ሳህኑን ከአፉ ሥር ነጠቀችው።

ከዚያ እያየችኝ፣ ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል፣ ከንፈሯ ላይ አድርጋ የቀረውን እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

ገና ጠዋት ነው። ፍልሰታ ነው። አፏ ዙሪያ የውሻው ነጭ ፀጉር ቀርቷል።

አንድም ቃል አልተናገረችም። ለምን ዝም እንዳለች ሲገባኝ ዓመታት አልፈዋል። ውሻው ደህና ነው፣ አንቺም ደህና ነሽ ብትለኝ ኖሮ ምን እንደማደርግ ታውቃለች፤ በሩን በርግጄ ወርጄ «ጋሼ፣ ደህና ነኝ! ካምፓላ ይውሰዱኝ!» ብዬ እሮጥለት ነበር። እኔ የሱ ወሬ አቀባይ ነበርኩ። ያበደ ውሻ ውሃ እንደሚፈራ የማያውቅ ሰው የለም፤ የጠጣ ውሻ ጤነኛ ነው። ይህን በዓይኔ አሳይታኝ፣ በራሷ አፍ ማኅተም አድርጋልኝ፣ የቀረውን ለእኔ ተወችው።

እኔ ግን ያኔ የገባኝ ሌላ ነው። እናቴ ብቻዬን እንዳላብድ አብራኝ ልታብድ ቆርጣለች። ከጃክ ራስል አፍ ቀምታ በሽታውን የጠጣችው ለዚህ ነው። ከሆነማ፣ አልኩ፣ ይሁን። ሁለት ከሆንን ይሁን። መታገሌን ተውኩና ከጎኗ ተጠጋሁ።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ድልድዩ ላይ ስንወጣ ብረቱ ከሥራችን ይንጓጓል፤ ውሃው ቡናማ ሆኖ ቅርንጫፍና ሣር ይዞ ይወርዳል። በኩዎት መስታወት ሳይ ፒክአፑ እዚያው ቀርቷል፤ ነጭ መሐረብ ይታየኛል። እኔ የእናቴን አፍ ነው የማየው። ማናችን ቀድመን እንደምንጮህ እየጠበቅሁ፣ እሷ ስትጀምር እጇን ልይዛት ተዘጋጅቼ፣ ጉምቦ ደረስን። ማናችንም አልጮህንም። የጮኸው ጃክ ራስል ነው፤ በመስኮት ፍየል አይቶ።

የኔነሽ ከጭነት መኪናው ጎን ቆማ ትጠብቀን ነበር። እናቴ አልሳመችኝም፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ ዞር አለች። የበሽታው መነሻ መስሎኝ ዲላ እስክገባ ጸለይኩላት። ውሃ በጠጣሁ ቁጥር ያልፈራሁት በሽታው ገና ስለሆነ ነው እያልኩ ወራት ቆየሁ።

የኔነሽ ናት ኋላ፣ እኔም ሴት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ዲላ መጥታ፣ ሽማግሌዎቹ ለማን እንደመጡ የነገረችኝ። ሥዩም ወር ሁለት ወር ጠብቆ «አልተሻላትም?» ሲል ቆየ፤ «ብሶባታል» ስትለው ቆየች፤ ገብቶት ኖሮ በመጨረሻ ቤቱን አስለቀቃት። ጉምቦ ሄዳ ሻይ ስትሸጥ ከረመች። ኩዎት ውሃዋን ያቀርብላት ነበር። ጃክ ራስል ከእግሯ ሥር ይተኛል፤ ሻይ የሚጠጣው ሁሉ አይቶት «ያድጋል» ይላት ነበር አሉ፣ ጺሙ ሸብቶም።

እናቴን አንዴ ጠይቄያታለሁ። እኔ ቤት መጥታ ተቀምጣለች፤ ልጄ ጭኗ ላይ ናት።

«እማዬ፣ የዚያን ቀን፣ ድልድዩ ላይ፣ ያን ውሃ ለምን ጠጣሽው?»

የልጄን ፀጉር ትዳብሳለች። ቀና ብላም አላየችኝ።

«ጠምቶኝ ነበር፣» አለች።